የላህ ልጆች አዲስ አልበም

የላህ ልጆች ባንድ አዲስ አልበም አወጣ አሉኝ፤ ያውጣ። በላህ ወንዝ ስም ተሰይሞ አርባ ዓመት ሙሉ ፍኖተ ሰላምን ሲያደነቁር ኖሮ፣ ከስድስቱ ሦስቱ ከሞቱ በኋላ የቀሩት ፀጉራቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው ተመለሱ። መንገዱ ክፍት ሆኖ በሰነበተበት ሰሞን ቡሬ ድረስ መጥተው፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊዘፍኑ ነው ተብሎ ማስታወቂያው እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት በር ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። ጊታር ተጫዋቹ ቴዎፍሎስ ራሱ መጥቶ በክብር እንግድነት ጠራኝ። የእጅጉ ልጅ ካልተገኘችማ ምን ዝግጅት ሆነ አለኝ። እጅጉ አባቴ ነው። የባንዱ ዋና ድምፃዊ ነበር፤ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው።

ሄድኩ። ለምን እንደ ሄድኩ አልደብቅም፤ ልንቃቸው ነው የሄድኩት። ሰውን መናቅ ጣዕም እንዳለው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ያስለመዱኝም እነሱ ናቸው። እዚያ ምን እንደ ሰማሁ ከመናገሬ በፊት ግን ስምንት ዓመቴ ሳለ የሆነውን ላስቀድም፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም።

ያኔ የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነበር። ባንዱ የሚለማመደው በእኛ ቤት የፊት ክፍል ነው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ሆነው የተሰባሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ ደርግ ሄደ፣ እነሱ ቀሩ። ለሰልፍ ይዘፍኑት የነበረውን ዜማ «ውዴ» የምትል ቃል ጨምረው የፍቅር ዘፈን አደረጉትና ኑሯቸውን ቀጠሉ። ቴዎፍሎስ በማሲንቆ የሚባለውን ሁሉ በኤሌክትሪክ ጊታር አስብለዋለሁ ባይ ነበር፤ ጩኸቱ የጎረቤት ዶሮ ከዕንቁላሏ ላይ ያስነሣል። ድራም መቺው ደረሰ በልምምድ መሀል አፉን ከፍቶ ይተኛል፤ ሲቀሰቅሱት ካቆመበት ሳይሆን ከፈለገው ቦታ ይጀምራል። አባቴ ደግሞ መስተዋት ፊት የሚቆምበት ጊዜ ቄሱ ቅዳሴ ከሚቆሙበት ቢበልጥ እንጂ አያንስም ነበር። ነጭ ጫማ፣ የወርቅ ቀለም ቁልፍ ያለው ኮት፣ በቫዝሊን የተኛ ፀጉር።

ይህን ሁሉ የማየው ዛሬ ነው። ያኔ ከእነሱ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አባቴ በከተማው ሲያልፍ ሰው እየተነሣ ሰላም ሲለው፣ ለክብሩ የተነሣ ይመስለኝ ነበር እንጂ ከኋላው የሚሣሣቁት አይታየኝም።

እናቴ ንግሥቴ የቋሪት ሰው ናት። ዝም ያለች ሴት ናት። ስድስት ወንዶች ቤቷን ሲያተራምሱባት አንድም ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አንድ ወንድም ብቻ ነበራት፤ መልካሙ ይባላል። ድንች የሚያመርት ገበሬ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ አንድ ጆንያ ድንች ተሸክሞ ይመጣና፣ የአባቴን ነጭ ጫማ አይቶ በሆዱ እየሣቀ፣ «እጅጉ፣ ይቺን ጫማ ይዘህ እኛ አገር እንዳትመጣ፣ ጭቃው ያዝንብሃል» ይለው ነበር።

በ1999 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ መልካሙን ብር ወንዝ ወሰደው። ሊሻገር ሲል ሙላት ደረሰበት። በሁለተኛው ቀን ታች ተገኘ። ያን ሰሞን ባንዱ ባሕር ዳር አልበም እየቀረፀ ነበር። ለአባቴ ተደወለለት። ስቱዲዮውን ጥለን ከወጣን ለሌላ ሰው ይሰጥብናል፣ ለቀብሩ ባልደርስ ለሠልስቱ እደርሳለሁ አለ። ለሠልስቱ አልመጣም። ለአርባውም አልመጣም። አማቹን ሳይቀብር የቀረ ሰው በጎጃም ምን እንደሚባል ለማንም መንገር አያስፈልግም።

እኔ ከእናቴ ጋር ቋሪት ነበርኩ። ከለቅሶው የማስታውሰው እርጥቡን መሬት፣ የሰውን ብዛትና እናቴን ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ክብ ሠርተው ቆመዋል። ያቺ ድምፅ የሌላት እናቴ መሀል ገብታ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ አወጣችው፤

ብር ወንዝ ሙላቱ ስንቱን አሻገረ፣
የኔን ወንድም ብቻ መሀል ላይ አስቀረ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሌላም ብዙ አለች፤ ሁሉንም ያዝኩት። የዘፋኝ ልጅ ነኝ፤ አንድ ጊዜ የሰማሁት አይጠፋኝም ነበር። አጎቴ እንደማይመለስ ገና አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ከአባቴ ትበልጣለች። ኮራሁ። አጠገቤ የነበረች አሮጊት እንደ ሣቅሁ አይታ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ።

አርባው ባለፈ በሳምንቱ አባቴ ከባሕር ዳር መጣ። እናቴን ደፍሮ ማየት አቅቶት ነበር። እሷም አልተናገረችውም፤ ምግቡን አቅርባለት ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔ ኩርፊያው የሥራ ነገር መሰለኝ። ምክንያቱም አባቴና ቴዎፍሎስ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ፤ አልበሙ አንድ ዘፈን ጎድሎታል፣ ያላቸው ሁሉ ያረጀ ነው፣ አዲስ ነገር ከየት እናምጣ እያሉ ነበር። እኔ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን የሄደች ዕለት አባቴ ጫማውን ሲወለውል ሄጄ ፊቱ ቆምኩና አዜምኩለት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አፌን በእጁ ያዘኝ። «ዝም በይ! ሙሾ ቤት ውስጥ አይባልም፤ ሟርት ነው» አለኝ። እጁ የጫማ ቀለም ይሸታል። ወደ በሩ አየ። ከዚያ እጁን ከአፌ ላይ አንሥቶ፣ «እስኪ ድገሚው» አለኝ።

ሦስት ጊዜ ደገምኩለት። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ድንገት ሰምታ ደስ እንዲላት ነው አለኝ። አመንኩት። ስጦታ መስሎኝ አራት ወር ሙሉ በሆዴ ይዤ ኖርኩ። እሱ ግን ስጦታ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ሟርት ነው ብሎ አፌን የያዘ ሰው አላወቀም አይባልም።

ጥር ላይ አልበሙ ወጣና በከተማው ሜዳ ትልቅ ዝግጅት ተደረገ። ቅዳሜ ነበር። አባቴ እናቴን ለመናት፤ ሚስቱ ካልተገኘች ሰው ምን ይለኛል አላት። ጥቁሯን እንደ ለበሰች መጥታ ከሴቶች ጋር ተቀመጠች። ለገበያ የመጡ የቋሪት ሴቶችም በበሩ ቆመው ሲያዩ፣ አባቴ የሚስቴ አገር ሰዎች ናቸው፣ ይግቡ ብሎ ራሱ አስገባቸው። እሱ ጋ ችሮታ ሁልጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ነው። እኔ ቀይ ቀሚስ ለብሼ ከመድረኩ ሥር ተቀምጫለሁ።

አሮጌዎቹን ዘፈኖች ዘፈኑ፤ ሰው ጨፈረ። በመጨረሻ አባቴ ማይኩን ይዞ፣ አሁን የአልበሙን እናት እናሰማችኋለን አለ። የቴዎፍሎስ ጊታር አለቀሰ፣ ደረሰ ነቅቶ ስለነበር ድራሙን መታ፣ አባቴም ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ፤

ብር ወንዝ ሙላቱ ስንቱን አሻገረ፣
የኔን ዓለም ብቻ መሀል ላይ አስቀረ።

የቀየሩት እሱን ብቻ ነው። ወንድም የምትለዋን አውጥተው ዓለም የምትለዋን አስገቡ፤ ከሬሳ ላይ ጋቢ ገፎ መልበስ ማለት ይኸው ነው።

ዞር ብዬ እናቴን አየሁ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ከጎኗ የነበረች የቋሪት ሴት ነጠላዋን አወለቀች፤ ዘቀዘቀችና መልሳ ለበሰችው። ቀጥላ ሌላዋ። ቀጥላ ሌላዋ። አንድም ቃል ሳይናገሩ ሁሉም ጥለቱን ወደ አንገታቸው አደረጉት። ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ቋሪትም እንዲሁ ነበር የለበሱት፤ ለዚህ ዘፈን የሚለበስ ልብስ ነው አልኩ፤ አወቁት ማለት ነው አልኩ። እናቴ ተነሣች። ሴቶቹ ተነሡ። ሳይጣደፉ፣ ሰልፍ ይዘው፣ በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሀል አልፈው ወጡ። የከተማው ሰው መንገድ ለቀቀላቸውና ጭፈራውን ቀጠለ።

ተከትያት መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ለአባቴ የደስታ ድግስ ሊያዘጋጁ ወደ ቤት የሄዱ መስሎኝ፣ መድረኩ ላይ ወጥቼ በቀይ ቀሚሴ እስክስታ መታሁ። ሰው አጨበጨበልኝ። እስካሁን ትከሻዬን የሚያሳክከኝ ያቺ ጭብጨባ ናት።

ሲወርዱ ቴዎፍሎስ ላቡን እየጠረገ፣ አይታችኋል፣ የገጠር ሴት አስለቅሶ ማስወጣት ቀላል አይደለም፣ ተሳክቶልናል አለ። ደረሰም ተስማማ። አባቴ ብቻ ኮቱን አውልቆ፣ እጄን ይዞ ወደ ቤት አጣደፈኝ። ቤት ስንደርስ ድግስ የለም። እናቴም የለችም። ከአገሯ ሴቶች ጋር በዚያው ቋሪት ገብታለች። በማግሥቱ ዘመድ መጥቶ እኔን ወሰደኝ።

ከዝግጅቱ በሦስተኛው ሳምንት የእናቴ እናት አረፉ። ሰማንያ አልፏቸው ነበር፤ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሱም። ይህን ማንም አላነሣም። ሰው ያለው ሌላ ነው፤ ሙሾው ከለቅሶ ወጥቶ ሰው ቤት ተዜመ፣ መጀመሪያ ያዜመው ሰው አፍ ሞትን መልሶ ጠራው አለ። ወሬው ከገበዝ ማርያም እስከ ሽንዲ ደረሰ። እናቴ ቀብሩ ላይ ቆማ ሙሾ እንድታወርድ ጠበቋት። አፏን አልከፈተችም። ከዚያም ወዲህ ለማንም አውርዳ አታውቅም።

መጋቢት ላይ አባቴ ሽማግሌ ልኮ ዕርቅ ጠየቀ። የእናቴ አጎት አያ ባዬ ቤት ደጅ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ነጭ ጫማውን አውልቆ፣ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ መጣ። የከተማው ኮከብ ባዶ እግሩን ቆሞ ሲያልበው ሳይ አፈርኩ። እኔ ከእናቴ ጎን ነኝ።

አያ ባዬ ለቀብሩ ለምን እንደ ቀረ መጀመሪያ አልጠየቁትም። መጀመሪያ የጠየቁት የሞት ጠሪውን ነገር ነው። «ሙሾውን ከለቅሶ ቤት አውጥቶ፣ ሰው ቤት ውስጥ አፉን የከፈተበት ማን ነው? አንተ በቀብሩ አልነበርክም። ከማን አፍ ሰማኸው?»

ልቤ ዘለለ። ጊዜው ደረሰ አልኩ። ያን ሁሉ ሰው የሚያስጨፍር ዘፈን ያመጣሁት እኔ እንደ ሆንኩ አሁን ሊታወቅ ነው፤ አባቴ ስሜን ሊጠራ ነው፣ አገር ሊያደንቀኝ ነው። ቀሚሴን አስተካከልኩ። ብድግ ልል ስል አባቴ ከድንጋዩ ሥር ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። እንዲያ ያለ አስተያየት ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም። ቁጭ አልኩ።

«ከማንም አልሰማሁም» አለ። «በቀብሩ ዕለት መጥቼ ነበር። መግባት አፍሬ አጥሩ ሥር ቆምኩ። እሷ ስታወርድ በጆሮዬ ሰማሁት። ቤት ውስጥ ያዜምኩትም እኔው ነኝ።»

አያ ባዬ ጭራቸውን አስቀመጡ። «ለቅሶ ቤት ሰው የሆነ ይገባል» አሉ። «አጥር ሥር የሚቆመው ጅብ ነው።»

ዕርቁ ፈረሰ። አባቴ ድንጋዩን አውርዶ ሄደ። እኔም በስምንት ዓመቴ ናቅሁት። የናቅሁት ግን ሌላው ሰው በናቀበት ምክንያት አይደለም። ዘፈኔን ሰረቀኝ ብዬ ነው። እኔ ያስተማርኩትን እኔው ሰማሁት ብሎ ዝናዬን ወሰደብኝ ብዬ ነው። ያ አስተያየቱ ዝም በይ፣ ዝናው የእኔ ነው የሚል ማስፈራሪያ መሰለኝ። ተናድጄ፣ አኩርፌ፣ ለማንም አልነግርም ብዬ ማልሁ። አኩርፌ ዝም ማለቴ ነው ያዳነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስሙ እጅጉ አጥር ሥር ሆነ። ሕፃን ሳይቀር እንዲያ ይለዋል። ከባንዱ ወጣ፤ ዘፈን ተወ፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሬዲዮ እየጠገነ ኖረ። የላህ ልጆች ግን ዘፈኑን አልተዉትም፤ ሌላ ድምፃዊ አምጥተው በየሠርጉ ይዘፍኑት ነበር። እኔና እናቴ ቡሬ ገባን። አባቴ አንዳንድ ጊዜ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይመጣል። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ፣ ቡሬ ገበያ መሀል፣ ጓደኞቼ እየሰሙ፣ የአጥር ሥር ዘፋኝ ዕቃ አልቀበልም ብዬ ደብተሩን መሬት ላይ ጣልኩበት። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ለቀመው። አልተቆጣኝም። አንድ ቃል ቢናገር አፌን ያስይዘኝ ነበር፤ አልተናገረም።

የገባኝ ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ነው። ምንም የተለየ ነገር አልሆነም። መድኃኒት ቤት ቆሜ ለአንዲት ሴት የሳል ሽሮፕ ስሰጥ፣ ልጇ ሲያዜም አፉን ያዘችው፤ ቆምኩ። ያን ቀን ስሜን ቢጠራ ኖሮ አያቷን በአፏ የገደለች ልጅ ተብዬ ነበር የማድገው። ቋሪት ውስጥ ማንም ጎረቤት ልጁን ከእኔ ጋር አያጫውትም ነበር። ሰውየው ከንቱ ነው፣ ጉረኛ ነው፣ አማቹን ያልቀበረ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር አድርጓል። ሄጄ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ፍኖተ ሰላም ለመሄድ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ኩራቴ አላስኬደኝም። ዛሬ ነገ ስል ሞተ።

ቀብሩ ላይ እናቴ መጣች። አንድም ሰው አልጠበቃትም። ድንኳኑ ውስጥ ዘልቃ ገብታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከዘመዶቹ መሀል ተቀመጠች። ሴቶቹ አይተው ሲንሾካሾኩ፣ «ለወንድሜ እስከ አጥሩ መጥቶልኛል፤ እኔ ደግሞ እስከ ውስጥ እገባለታለሁ» አለቻቸው። አገር የለመደውን ሽሙጥ ሬሳው ላይ የወረወረችበት መሰለኝ። እንዲያውም ደግ አደረገች አልኩ።

እንግዲህ ወደ ቡሬው አዳራሽ ልመለስ። ሦስቱ ሽማግሌዎች መድረክ ላይ ወጡ። ደረሰ ከድራሙ ኋላ ትራስ ተደርጎለታል። ቴዎፍሎስ ጊታሩን እንደ ድሮው ለማስጮህ ሞከረ፤ ጣቱ አልደርስ አለው። አዲሱ አልበም ያሉት አሮጌዎቹን ዘፈኖች በኮምፒውተር ያንጫጯቸው ነው። ሰው በስልኩ ይቀርፃል። በመጨረሻ ቴዎፍሎስ ዓይኑን በጨው አጥቦ ማይኩን ያዘና ተረት እንደሚያወራ ጀመረ። ይህን ዘፈን ነፍሱን ይማረውና ጓደኛችን እጅጉ እንዴት እንዳመጣው ታውቃላችሁ ወይ፣ ለቅሶ ቤት አጥር ሥር ተደብቆ ነው፤ ለጥበብ ያልሆነው የለም አለ። አዳራሹ በሣቅ ፈነዳ። የፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ በእጁ አመለከተ። ልጁም ይቻት አለ። አጨበጨቡልኝ።

ተነሥቼ ወጣሁ። እንዴት ቤት እንደ ደረስኩ አላውቅም። ንዴቱ ያቃጥለኛል። ያ ሰው ሞቶም ስለ እኔ ይሣቅበታል፤ ይበቃል አልኩ። እናቴ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ሳልቀመጥ ሁሉንም አፈረጥኩት። ለአባቴ ያዜምኩለት እኔ ነኝ፣ አፌን ይዞኝ ነበር፣ ሦስት ጊዜ ደገምኩለት፣ አያ ባዬ ሲጠይቁት እኔን ሊያድን ነው የዋሸው፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሌባ ስም የተሸከመው ለእኔ ነው አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ይቅር ትለዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እውነቱን እናገራለሁ፤ እኔንም ታቅፈኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ ቀና ብላ አየችኝ።

«በቀብሩ ዕለት አጥሩ ሥር አልነበረማ?»

«አልነበረም፤ ባሕር ዳር ነበር አልኩሽ።»

«ጭራሽ አልመጣም?»

«አልመጣም፣ እማ።»

ለእኔ ሳይሆን ለሽንኩርቱ የምትናገር ይመስል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «አገሩ ሁሉ ጅብ ሲለው እኔ ለብቻዬ፣ ጅብም ቢሆን መጥቶ ነበር እል ነበር። መግባት ቢያፍርም መልካሙን ሊቀብርልኝ መጥቶ ነበር እል ነበር። ሳወርድ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ሰምቶኛል እል ነበር። የያዝኩት ይችን ብቻ ነበር።»

ልጣጩን ከጭኗ ላይ አራግፋ ተነሣች። ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።